ቁናው በማን እጅ ነበረ?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አበው። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ግፍ የሠራ ሰው የእጁን እንደሚያገኝ ማስጠንቀቂያ አድርገን ነው። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር። በባለርስቱና በጭሰኛው መካከል የነበረው ሙግት ስለ እህሉ ብቻ አልነበረም። ቁናው የማን ነው? ሰፋሪውስ ማን ነው? ሲሰፈር ቆሞ የሚያይ እማኝ አለ ወይ? የሚልም ሙግት ነበረ። ቁናውን የያዘ ሰው ጭሰኛው ምን ያህል እንዳመረተ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ተረፈውም ይወስናል።

ይህን ያሳሰበኝ ከአውድማና ከጎተራ እጅግ የራቀ ጉዳይ ነው፤ የኑክሊየር ጦር መሣሪያ ሙከራዎች እንዴት ይለኩ እንደ ነበረ የሚያወሳው ታሪክ። ከ1945 ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዓለም ላይ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ከእነዚህም ከአምስት መቶ የሚበልጡት ከምድር በላይ፣ በግልጽ አየር የፈነዱ ናቸው። ሙከራ ያለ መለኪያ ሙከራ አይባልም። እያንዳንዱ ፍንዳታ ብርሃንና ሙቀት፣ የአየር ግፊት ማዕበል፣ የምድር ነውጥና ጨረር ይለቃል፤ ለእያንዳንዱም መለኪያ ተዘጋጅቶለት ነበር። ጥያቄው ምን ተለካ፣ ለማን ተነገረ፣ ማንስ ሳይለካ ቀረ የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ጁላይ 16 ቀን 1945 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ ፈነዳ። የሙከራው መጠሪያ «ትሪኒቲ» ነበረ፤ ሥላሴ ማለት ነው። ከፍንዳታው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ ቁርጥራጭ ወረቀቶች በእጁ ይዞ ይጠባበቅ ነበር። ከብልጭታው 40 ሰከንድ ያህል ቆይቶ የአየሩ ማዕበል ሲደርስ ወረቀቶቹን ከቁመቱ ከፍታ ለቀቃቸው። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተገፍተው ወደቁ። ከዚህም ተነሥቶ የቦምቡ ኃይል ከ10,000 ቶን ቲኤንቲ ጋር የሚመጣጠን ነው ሲል ገመተ። በረሃው ሙሉ በውድ መሣሪያ ተሞልቶ ሳለ የዚያን ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው አኃዝ ከብጣሽ ወረቀት የመጣ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ግምቱ ግን አነሰ። ኃይሉ ከ20,000 ቶን በላይ ነበር፤ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በ2021 ባወጣው አዲስ ስሌት ደግሞ 24,800 ቶን ደርሷል። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው የእንግሊዛዊው ጄፍሪ ቴይለር ሥራ ነው። አሜሪካውያኑ የቦምቡን ኃይል በምስጢር እንደ ያዙ፣ የእሳቱን ኳስ ፎቶግራፎች ግን በ1947 ይፋ አወጧቸው። በየፎቶው ላይ ርቀቱና ጊዜው ታትሞበታል፤ ለምሳሌ ከፈነዳ በሰከንድ 25 ሺኛ ክፍል ውስጥ የኳሱ ራዲየስ 140 ሜትር ደርሷል። ቴይለር የራዲየሱን አምስተኛ ርቢ ለጊዜው ካሬ አካፍሎ፣ በአየሩ እፍግታ አባዝቶና ጥቂት አስተካክሎ፣ 17,000 ቶን ገደማ የሆነ ውጤት በ1950 አሳተመ። መንግሥት በሣጥን የቆለፈውን ቁጥር አንድ ሰው ከፎቶግራፍ ላይ አነበበው። ይህ ነገር ደጋግሞ ስለሚመጣ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ፍንዳታ የራሱን መጠን ደብቆ ለመያዝ አይመችም።

አሁን ደግሞ ወደ ቀረው ወገን እንሂድ። ከፍንዳታው ሥፍራ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። አስቀድሞ የነገራቸው፣ ከዚያም ያነሣቸው የለም። ነጭ አመድ በጣሪያቸው ላይ፣ የዝናብ ውኃ በሚጠራቀምበት ጉድጓዳቸውም ላይ ወረደ። ጀርባቸው ላይ አመዱ ያረፈባቸው ላሞች ፀጉራቸው ነጣ። መለኪያ የያዙ ወታደሮች በመኪና እየተዘዋወሩ ጨረሩን መዝግበዋል፤ የመዘገቡትን ግን ለነዋሪው አልነገሩም።

አመዱን ያለ መንግሥት ፈቃድ ያገኘው አንድ የፎቶ ፊልም ፋብሪካ ነው። በዚያው ዓመት የኮዳክ ኩባንያ ያልተነሣባቸው ፊልሞች ጠቋቁረው ተገኙ። የኩባንያው ሊቅ ጁሊያን ዌብ ምክንያቱን ሲከታተል ነገሩ ፊልሙ ወደ ታሸገበት ካርቶን፣ ከካርቶኑም ወደ ኢንዲያና ግዛት ወረቀት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካውም ወደሚጠቀምበት የወንዝ ውኃ መራው። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በዝናብ የወረደ የትሪኒቲ አመድ ነበር። በ1951 ኔቫዳ ውስጥ ሙከራ ሲጀመር ደግሞ ኩባንያው በሚገኝበት በሮቸስተር ከተማ የወረደው በረዶ ጨረር ያለበት ሆነ። ኮዳክ አቤቱታ አቀረበ፤ የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽንም ከዚያ ወዲያ ሙከራ ሲኖር አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ለፊልም አምራቾች አስቀድሞ ለመንገር ተስማማ። ፊልሙ ዳነ። በዚያው ነፋስ ሥር ሣር የሚግጡ ላሞች ግን ነበሩ፤ ከላሟ ወተት ወደ ሕፃን የሚያልፈው አዮዲን 131 ደግሞ በአንገት ውስጥ ባለችው፣ እንቅርት በሚወጣባት የታይሮይድ ዕጢ ላይ ይጠራቀማል። ለእናቶች የተላከ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። የአገሪቱ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የኔቫዳ አዮዲን በየአውራጃው ምን ያህል እንደ ደረሰ የሚያሳይ ጥናት ያወጣው በ1997 ነው።

ነገሩን ከክፋት ብቻ የመነጨ ለማስመሰል አልፈልግም። አብዛኞቹ ለኪዎች ቅን ሠራተኞች ነበሩ። ችግሩ የመለኪያው ዓላማ ነበር፤ የተጠየቁት «ቦምቡ ምን ያህል ሠራ?» ተብለው ነው። ማንን ጎዳ የሚለው ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም ለምርምር እንጂ ለሕክምና ቅድሚያ ሳይሰጥ የመጣበት ጊዜ አለ።

በ1946 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በቢኪኒ ደሴቶች የሆነው ይህንኑ ያሳያል። 167 ነዋሪዎች «ለጊዜው» ተብለው ከደሴታቸው ተነሡ። በምትካቸው 42,000 ያህል ወታደርና ሊቅ፣ እንዲሁም ለዒላማ የተደረደሩ ከዘጠና የሚበልጡ መርከቦች መጡ። በጁላይ 1 ከአውሮፕላን የተጣለው የመጀመሪያው ቦምብ ዒላማውን በ650 ሜትር ያህል ስቶ በመውደቁ ብዙዎቹ ረቂቅ መሣሪያዎች ያለ ቦታቸው ቀሩ። በዚያ ቀን ከተመሰገኑት መለኪያዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ፔኒ በየቦታው ያስቀመጣቸው ባዶ ጀሪካኖች ነበሩ። አዎን፣ የውኃ ወረፋ የምንይዝባቸው ዓይነት ጀሪካኖች! ጀሪካኑ ምን ያህል እንደ ተጨመደደ በማየት በዚያ ሥፍራ የነበረውን የአየር ግፊት ማወቅ ይቻላል። ፔኒ በ1952 እንግሊዝ የራሷን ቦምብ በአውስትራሊያ ዳርቻ ስትሞክርም በዚሁ ብልሃት ጸና፤ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦዎችንም ጨመረበት። ግፊትን መለካት እንዲህ ቀላል ነው፤ ቆርቆሮ አይዋሽም።

ጨረር ግን እንደዚያ አይደለም። በጁላይ 25 ከውኃ በታች የፈነዳው ሁለተኛው ቦምብ መርከቦቹን በተመረዘ ውኃ አጠባቸው። መርከበኞቹ በሳሙናና በቡርሽ ሊፈገፍጉ ተላኩ፤ ብዙዎቹ ያለ መከላከያ ልብስ። በየእጃቸው የነበረው መለኪያ አንዳንዱን ጨረር ቢያሳይም ፕሉቶኒየምን የሚያሳይ አልነበረም። የጨረር ደኅንነቱ ኃላፊ ሐኪሙ ስታፎርድ ዋረን አድሚራሉን ለማሳመን ቢቸግረው፣ ከሐይቁ የተያዘ ዓሣ በፎቶ ፊልም ላይ አስተኝቶ፣ ዓሣው በገዛ ጨረሩ ያነሣውን የራሱን ምስል አሳየው። ጽዳቱ ቆመ፤ ሦስተኛውም ሙከራ ተሰረዘ።

ስምንት ዓመት እንለፍ። ማርች 1 ቀን 1954 በዚያው በቢኪኒ «ብራቮ» የተባለው የሃይድሮጅን ቦምብ ፈነዳ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እዚህ አገር የዓድዋ በዓል ዋዜማ ነበረ። ሊቃውንቱ የጠበቁት ስድስት ሚሊዮን ቶን ያህል ኃይል ነበር፤ የወጣው 15 ሚሊዮን ሆነ። ሊቲየም 7 የተባለው የቦምቡ አንዱ ክፍል ዝም ብሎ ይቀመጣል ተብሎ ነበር፤ አልተቀመጠም። የፍንዳታውን ኃይል የሚለካው ነገር ሁሉ በሚገባ ሠርቷል። የእሳቱ ኳስ ተለካ፣ ግፊቱ ተለካ፣ በኮራሉ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ተለካ።

በስተምሥራቅ ሁለት ደሴቶች ነበሩ። በሮንጌሪክ 28 አሜሪካውያን የአየር ጠባይ ታዛቢዎች ነበሩ፤ ጨረርን የሚመዘግብ መሣሪያም ነበራቸው። መሣሪያው መለካት የሚችለው በሰዓት እስከ 100 ሚሊሬንትገን ብቻ ነበር። ከሰባት ሰዓት ያህል በኋላ መርፌው የመጨረሻው ምልክት ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አላወቀም። በሮንጌላፕ ደግሞ የደሴቲቱ ተወላጆች ነበሩ፤ መርፌም አልነበራቸውም። ነጭ ዱቄት ከሰማይ ወረደባቸው፤ ሕፃናቱ ተጫወቱበት፤ በምግቡና በውኃውም ላይ ወደቀ። በዚያው ቀን ማታ ማስመለስና ማሳከክ ጀመራቸው። አሜሪካውያኑ በማግሥቱ ተነሡ። የሮንጌላፕ ሰዎች የተነሡት በሦስተኛው ቀን፣ ከ50 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ቆዳቸው እየቆሰለ ፀጉራቸው ይረግፍ ነበር።

ምን ያህል ጨረር እንደ ወሰዱ የተቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው፤ መርከብ ከደረሰ ወዲያ በተወሰደ ልኬት ወደ ኋላ እየተሰላ። የመጀመሪያው ስሌት 175 ራድ የሚል ሆነ። ነገር ግን ይህ ከውጭ ሰውነትን የመታው ነው፤ ተበልቶና ተጠጥቶ ወደ ታይሮይድ ዕጢ የገባው ከዚህ እጅግ የበለጠ፣ በሕፃናቱ ላይም የከፋ ነበረ። «ፕሮጀክት 4.1» የሚል ስያሜ የተሰጠው ጥናት ተከፈተላቸው፤ ርእሱም በፍንዳታ ለከፍተኛ ጨረር የተጋለጡ ሰዎች የሚያሳዩትን ለውጥ ማጥናት የሚል ነበር። በ1957 ደሴታችሁ ለመኖሪያ ደኅና ነው ተብለው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኑ የጨረር ለኪ ሜሪል አይዘንበድ፣ በአንድ የምክክር ስብሰባ ላይ፣ ሰዎቹ ወደዚያ ምድር ሲመለሱ ምን ያህል እንደሚወስዱ መለካት ጠቃሚ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች እንደ ሠለጠኑት ምዕራባውያን የሚኖሩ ባይሆኑም ከአይጥ ይልቅ እኛን ይመስላሉ ማለቱ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ።

በ1963 የመጀመሪያው የታይሮይድ ዕባጭ ታየ። በፍንዳታው ቀን ከአሥር ዓመት በታች ከነበሩት የሮንጌላፕ ልጆች አብዛኞቹ በዚያ ዕጢ ሕመም ተያዙ። ያን ጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃን የነበረ አንድ ልጅ በ1972 በደም ካንሰር ሞተ። ሐኪሞቹ በየጊዜው እየመጡ ደምና ሽንት ወሰዱ፤ ሰዎቹም ውጤታችን ይነገረን እያሉ ጠየቁ። በ1985 ራሳቸው ወስነው በአንድ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች መርከብ ደሴቲቱን ለቀው ወጡ።

ነገር ግን የብራቮ አመድ አንድ ያልታሰበ ሰፋሪም አገኘ። በዚያ ቀን «ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ» የምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ 23 ሰዎች ይዛ ከተከለከለው ክልል ውጪ ነበረች። አመዱ ወረደባት። በማርች 14 ወደ ወደቧ ስትገባ ሰዎቹ ታመው ነበር፤ አመዱም ከመርከቧ ላይ ገና አልተጠረገም። የአሜሪካው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሉዊስ ስትራውስ ቁስሉ ከጨረር ሳይሆን ከተቃጠለ ኮራል ኬሚካል የመጣ ሊሆን ይችላል እያለ መግለጫ ሲሰጥ፣ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኬንጂሮ ኪሙራ አመዱን በቤተ ሙከራው እየለየ ነበር። ከውስጡ ዩራኒየም 237 አገኘ። ለማያውቅ ሰው ስሙ ምንም አይነግረውም፤ ለሚያውቅ ግን የቦምቡ ዋና ምስጢር እዚያ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በዚያ መጠን የሚገኘው ተራ ዩራኒየም በኃይለኛ ኒውትሮን ሲመታ ነው፤ ስለዚህ ቦምቡ በተራ ዩራኒየም ተሸፍኗል፣ ሽፋኑም ራሱ ፈንድቷል ማለት ነው። ለንደን የነበረው ጆሴፍ ሮትብላት ከዚህ የጃፓን መረጃ ተነሥቶ የአብዛኛው ኃይልና የአመዱ ሁሉ ምንጭ ይኸው ሽፋን መሆኑን በ1955 አሳተመ። ሮትብላት የቦምቡ ሥራ ሳያልቅ ሎስ አላሞስን ትቶ የወጣ ሰው ነበር፤ በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማ፣ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1954 አረፈ።

ጃፓኖቹ በዚህ አላቆሙም። ባሕሩ ሰፊ ስለ ሆነ ያቀልጠዋል የሚለውን የአሜሪካኖች ቃል ለማጣራት በዚያው ዓመት «ሹንኮትሱ ማሩ» የተባለች የምርምር መርከብ ልከው ውኃውን ለኩ፤ ከቢኪኒ እጅግ ርቆም መርዙን አገኙት። ውኃ ውስጥ ያለችን ጥቂት ሲዚየም የምትለካ ዘዴ ያበጀችው ቶሺኮ ሳሩሃሺ ነበረች። ውጤቷ በዝቷል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ በ1962 ወደ ካሊፎርኒያ ተጋብዛ ከአሜሪካዊ ባልደረባ ጋር በአንድ ውኃ ላይ ጎን ለጎን እንድትለካ ተደረገ። ልኬቷ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለት ሰፋሪ፣ አንድ ቁና፣ እማኝ ባለበት፤ አባቶቻችን ይመኙት የነበረው ዓይነት አሰፋፈር ይኸው ነው።

በአሜሪካ ውስጥም ቁናውን ከመንግሥት እጅ የወሰዱ ተነሡ። በሴንት ሉዊስ ከተማ ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ በሐኪሟ ሉዊዝ ራይስ መሪነት የሕፃናት የወተት ጥርስ መሰብሰብ ተጀመረ። ስትሮንቲየም 90 ካልሲየምን ስለሚመስል ከወተት ጋር ገብቶ በጥርስና በአጥንት ይቀመጣል። እኛ ልጆች ሳለን የወለቀ ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ እንወረውር ነበር፤ የሴንት ሉዊስ ልጆች በፖስታ ላኩት። እስከ መጨረሻው 300,000 ያህል ጥርስ ተሰብስቧል። በ1961 የወጣው ውጤት ከትልልቆቹ ሙከራዎች ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጥርስ ከቀደሙት ይልቅ ብዙ ስትሮንቲየም እንደ ያዘ አሳየ። ሜጋቶን የማይገባው ሰው የልጁ ጥርስ ይገባዋል።

ቀሪው ምስጢር ከምድር በታች ነበር። ሙከራ ከመሬት በታች ከሆነ ሊታወቅ አይችልም፣ ስለዚህም ውል መፈራረም ከንቱ ነው የሚል ክርክር ነበረ። በሴፕቴምበር 1957 ኔቫዳ ውስጥ «ሬይኒየር» የተባለ አነስተኛ ቦምብ በዋሻ ውስጥ ፈነዳ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኑም ነውጡ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አልተሰማም ሲል ሪፖርት አወጣ። የራሱን ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቤቱ ሆኖ ያዘጋጅ የነበረው ጋዜጠኛ አይ. ኤፍ. ስቶን ግን በሩቅ አገሮች ተመዝግቧል የሚሉ ጥቃቅን ዜናዎችን ቆርጦ አስቀምጦ ነበር። ዋሽንግተን ወደሚገኘው የመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሄዶ የነውጥ መለኪያ ሠራተኞቹን ጠየቀ። ዝርዝሩን ሰጡት፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው የአላስካ ጣቢያ ሳይቀር መዝግቦታል። ኮሚሽኑ በማርች 1958 ሪፖርቱን ለማረም ተገደደ። አንድ ጋዜጠኛ፣ አንድ መቀስ፣ አንድ የእግር ጉዞ። ብቻችንን ቁጭ ብለን ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ታሪክ እንደ ስንቅ ነው።

ከዚህ ወዲህ ነው ነገሩ ወደ አራት ኪሎ የሚመጣው። የተደበቀን ፍንዳታ ከተፈጥሮ ነውጥ ለመለየት አሜሪካ በመከላከያ ሚኒስቴሯ ገንዘብ በስድሳ ያህል አገሮች አንድ ዓይነት መለኪያ የያዙ 120 ያህል ጣቢያዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከለች። አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለ1957ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተቋቋመውና ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን በመሩት ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ ገባ። የብርሃን ነጠብጣብ በፎቶ ወረቀት ላይ ቀንና ሌሊት መስመር ትስላለች፤ ወረቀቱ ይነሣል፣ አሜሪካ ተልኮ በፊልም ይቀዳል፣ ይመለሳል። የተቀዳው ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ነበርና ዛሬ አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ በእርግጠኝነት የምናውቀው በከፊል በዚሁ መረብ ነው። አባ ጉዋን በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ለቦምብ ሰላይነት የተገዛው መሣሪያ ስምጥ ሸለቋችንን አስነበበን።

በዚያው ዘመን አገራችን በመድረኩ ላይም ነበረች። ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 በሰሃራ፣ በአልጄሪያዋ ረጋን፣ 70,000 ቶን ያህል ኃይል ያለው ቦምብ አፈንድታ ነበር፤ አፍሪካውያን ተቆጡ፤ ናይጄሪያ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ከፈረንሳይ ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። በኦክቶበር 30 ቀን 1961 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት 50 ሚሊዮን ቶን አፈነዳች፤ የአየር ግፊት ማዕበሉ ዓለምን ደጋግሞ ሲዞር በየአገሩ መለኪያ ላይ ታየ። ከዚህ 25 ቀን በኋላ በኢትዮጵያ አነሣሽነት የቀረበው፣ በኑክሊየር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ቁጥር 1653 በ55 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። በ1962 ጀኔቫ ላይ ኢትዮጵያ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ሆና የፈረመችበት ሰነድ ግን ለእኔ ይበልጥብኛል። በየአገሩ ያሉ የነውጥ ጣቢያዎች መረጃቸውን ከየትኛውም ወገን ላልሆነ ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ኮሚሽን ይስጡ የሚል ነበር። ኃያላኑ ስለ ቁናው ሲጨቃጨቁ ሌላው ወገን እማኝ እንሁን አለ። በኦገስት 1963 ከምድር በላይ መሞከርን የሚከለክለው ውል ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ፈረመች። ፈረንሳይ አልፈረመችም፤ በሰሃራ ከተራራ ሥር እስከ 1966 ቀጠለች።

ዛሬ ያ የስምንቱ ሐሳብ በከፊል ተፈጽሟል። የ1996ቱ ሙሉ እገዳ ውል ገና በሥራ ላይ ባይውልም፣ የነውጥ፣ የባሕር ድምፅ፣ የአየር ማዕበልና የጨረር መለኪያ ጣቢያዎቹ ይሠራሉ። ኢትዮጵያ ውሉን በ2006 አጽድቃለች፤ ከአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ተራራ ጣቢያም በውሉ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። በዚያው በ2006 ሰሜን ኮርያ ከአንድ ሺህ ቶን ያነሰ ቦምብ ከመሬት በታች ስታፈነዳ ነውጡ ወዲያው ተመዘገበ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካናዳ ውስጥ ያለ ጣቢያ ከፍንዳታው ያመለጠ ዜነን ጋዝ ከአየር ላይ ለቀመ።

ለኃያላን የሚሆነው መለኪያ እዚህ ሲደርስ፣ የተለኩት ሰዎች ሒሳብ ግን አሁንም አልተዘጋም። የ1960ው የረጋን አመድ በምዕራብ አፍሪካ ምን ያህል እንደ ተዘረጋ የሚያሳየው የፈረንሳይ ጦር ካርታ ከምስጢር የወጣው በ2013 ነው። የኒው ሜክሲኮ የትሪኒቲ ጎረቤቶች በአሜሪካው የጨረር ካሣ ሕግ ውስጥ የተካተቱት በጁላይ 2025፣ ከ80 ዓመት በኋላ ነው። በማርሻል ደሴቶች የተቋቋመው የኑክሊየር ይገባኛል ጉባኤ ደግሞ፣ መለኪያዎቹን ሁሉ አገላብጦ፣ በ2007 ለሮንጌላፕ ሕዝብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። በፈንዱ ውስጥ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም።